የጅብራው መዝገብና የኤቤ ኒልሰን ሽልማት

ጥያቄ፦ በቦረና ሳይንት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የመዘገብናቸው ዕፅዋት በኤቤ ኒልሰን ስም ለሚሰጠው ሽልማት ያበቁን ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሽልማቱን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ተቋም ሲሆን፣ መጠሪያውም በዚያው ዓመት ካረፉት ዴንማርካዊ የነፍሳት ተመራማሪ የተወሰደ ነው። ከ2015 ወዲህ በውድድር መልክ ሲካሄድ የሚሸለመው አዲስ ዝርያ ያገኘ ሳይሆን፣ ክፍት መረጃን ለምርምር የሚያመቻች ሶፍትዌር ወይም ዘዴ የፈጠረ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ብቻውን አያወዳድርም፤ ያለ መዝገብ ግን ሶፍትዌሩ እህል የሌለበት ወፍጮ ነው። በደብተርዎ «ጅብራ፣ ደንቆሮ ጫካ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን ለኮምፒውተር እምብዛም አይጠቅምም፤ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም የሚለው ሳይንሳዊ ስሙ፣ የታየበት ቀን፣ የጂፒኤስ ነጥቡና የመዝጋቢው ስም ይጨመሩበት።