ጥያቄና መልስ፦ መጀመሪያ ፎጣውን ለእሳቸው ይስጡ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነበሉ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የሚያስታምሙትን ሰው እንዴት እንደሚያጥቡ፣ እንደሚያለብሱ፣ እንደሚያበሉና እንደሚያነሡ የሚጠይቁ። ረጅም ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ በኋላም እናቴን በቤቴ አስታምሜያለሁ። ሁለቱ ፈጽሞ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ደብዳቤዎቹን በራሴ አባባል አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በስትሮክ ምክንያት ግራ እጁ አይታዘዝለትም። ሸሚዝ ለማልበስ በሞከርኩ ቁጥር ሁለታችንም ላብ በላብ እንሆናለን።

መልስ፦ ሲያለብሱ በደከመው እጅ፣ ሲያወልቁ በደህናው እጅ ይጀምሩ። ደህናው እጅ ታጥፎም ተጣምሞም የእጅጌውን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የደከመው ግን አይችልም። እጃቸውን ወደ እጅጌው አይጎትቱ። የራስዎን እጅ በእጅጌው ጫፍ በኩል አስገብተው መዳፋቸውን ይያዙና እጅጌውን በክንዳቸው ላይ ወደ ላይ ያንሸራቱት። ቁልፎቹን እሳቸው በደህና እጃቸው ይቆልፉ። ቢዘገዩም ይቆልፉ።

ጥያቄ፦ የአያቴን ጆሮ በጥጥ እንጨት ባጸዳ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የሚታየውን የውጭውን ክፍል ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ መስማት ከቀነሱ ሐኪም ይመልከታቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት። ገላዋን ላጥባት ስል ትጮሃለች፣ ባለፈው ደግሞ መታችኝ። በየቀኑ መታጠብ አለባት፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በየቀኑ መታጠብ አለባት ያለው ማን ነው? የአረጋዊ ሰው ቆዳ ስስና ደረቅ ነው፤ ሙሉ ገላን በሳምንት ሁለት ጊዜ መታጠብ ለብዙዎች ይበቃል። በየቀኑ የሚያስፈልገው ፊትን፣ እጅን፣ ብብትንና ብሽሽትን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ነው። ይህን ካወቁ ከጠቡ ግማሹ ይወገዳል።

ቀጥሎ ነገሩን በእሷ ዓይን ይመልከቱት። ማን እንደሆነ በውል የማታውቀው ሰው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያስገባታል፣ ልብሷን ያወልቃል፣ ድንገት ከላይ ውሃ ይወርድባታል። እርስዎም ይጮሁ ነበር። መምታቷ ክፋት አይደለም፤ መፍራቷን የምትገልጽበት ሌላ መንገድ ስላጣች ነው።

ስለዚህ ክፍሉ አስቀድሞ ይሙቅ፤ ሳሙናው፣ ፎጣው፣ ቅያሪ ልብሱ ሁሉ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ አንድ ነገር ለማምጣት ብለው እርጥብ ሰው ጥለው አይውጡ። ትከሻዋንና ጭኗን በፎጣ ይሸፍኑና ከፎጣው ሥር ይጠቡ። ከእግር ይጀምሩ እንጂ ከራስ አይጀምሩ። ፀጉሯን በሌላ ቀን ይጠቡት። «ገላሽን ትታጠቢያለሽ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «አይሆንም» ነው። «ውሃው ሞቋል፣ ነይ እግርሽን ልጠብልሽ» ይበሉ፤ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ አንድ ሥራ። የምትይዘው ትንሽ ጨርቅ ይስጧት። ከታገለችዎት ያቁሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጠቡን ረስታው ሊያገኟት ይችላሉ።

ውሃውን በክርንዎ ይለኩት፤ ለብ ያለ፣ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆን ይበቃል። በሳፋ ሲያዘጋጁ ቀዝቃዛውን አስቀድመው፣ ሙቁን በኋላ ይጨምሩ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ማቃጠሉን ፈጥኖ ላይናገር ይችላል።

እምቢታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን ጠባይ ነው ብለው አይለፉት። ሕመም ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ትመርመር።

ጥያቄ፦ አባቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ወንድሞቼ «እኛ አንችልበትም» ስላሉ የማጥባቸው እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ። ሳጥባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እስክጨርስ አንድ ቃል አይወጣቸውም። እየረዳኋቸው ነው ወይስ እየበደልኳቸው?

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። እህቴ፣ እየበደልሻቸው አይደለም። ነገር ግን የተጨፈነው ዓይን እየነገረሽ ያለ ነገር አለ፤ አባትሽ ተነሥተው ከክፍሉ መውጣት ስለማይችሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወጣሉ።

ማን እንዲያጥባቸው እንደሚፈልጉ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አለ? ምናልባት የለም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስለ እሳቸው ገላ ሲወስን እሳቸው በሚቀጥለው ክፍል ተኝተው ይሰሙ ይሆናል። ዛሬ ጠይቂያቸው፤ ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ በማይቸኩሉበት ሰዓት። «ከልጆችዎ ማን ቢያጥብዎት ይሻልዎታል?» በያቸው። አንዱን ወንድምሽን ከመረጡ ያ ወንድምሽ ይመጣል። «አንችልበትም» መልስ አይደለም። ሰው ማጠብ በጥቂት ቀን የሚለመድ ሥራ ነው፤ አንቺም ስትወለጂ አታውቂውም ነበር። አንቺን ከመረጡ ደግሞ ከዚያ በኋላ የምታጥቢያቸው በፈቃዳቸው ነው። ልዩነቱን እጅሽ ላይ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛው ነገር የሚታጠቡበት ፎጣ ወይም ጨርቅ ነው። በወጣትነቴ አንድ ሽማግሌ ታማሚ ነበሩን። በየጠዋቱ በፍጥነት እናጥባቸው ነበር፤ ገና ብዙ አልጋ ይጠብቀናል። አንድ ቀን ፊታቸውን ልጀምር ስል ለሌላ ታማሚ ተጠራሁና እርጥቡን ጨርቅ እጃቸው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስመለስ ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ የጆሯቸውን ጀርባ ሳይቀር አጥበው፣ ጨርቁን አራት አድርገው እያጠፉት ነበር። ሦስት ሳምንት እኛ ዘንድ ተኝተዋል፤ ይህን እንደሚችሉ ግን ማናችንም አናውቅም። ክፉ ሆነን አይደለም የወሰድንባቸው፤ ቸኩለን ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጡንቻው በቀናት ውስጥ ይላላል፤ ያልሠራበትን አቅም መልሶ ለማግኘት ብዙ ይደክማል። እኛ በጥድፊያችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አቅም ስንነሣቸው ቆይተናል።

ስለዚህ ሳሙና ያለበትን ጨርቅ መጀመሪያ ለአባትሽ ስጪ። ማንኪያ መያዝ የሚችል እጅ ብዙውን ጊዜ ሐፍረተ ሥጋንም ማጠብ ይችላል። ደግፈሽ ካስቀመጥሻቸውና መውደቅ የማያሰጋቸው ከሆነ ጨርቁን ስጪያቸውና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ጠብቂ። ይህ መጠበቅ ከማጠቡ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እጅሽ ይቸኩላል። ያዢው። ያልደረሱበትን ጀርባና እግር አንቺ ትጨርሻለሽ። የምታጥቢው ክፍል ብቻ ይገለጥ፤ ሌላው ተሸፍኖ ይቆይ። መታጠብ ለማይፈራ ሰው ቅደም ተከተሉ ከፊት ወደ ታች ነው፤ ሐፍረተ ሥጋና መቀመጫ በመጨረሻ፣ በተለወጠ ውሃና በሌላ ጨርቅ። ለሴት ከሆነ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። የቆዳ እጥፋት ውስጥ እርጥበት አይቅር፤ ሳትፈትጊ በፎጣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ።

ከመግባትሽ በፊት በሩን አንኳኪ። ከመንካትሽ በፊት ተናገሪ። እያጠብሽ በስልክ ከሌላ ሰው ጋር አታውሪ፤ ለእንግዳም «ዛሬ አጠብኳቸው» ብለሽ አትንገሪ። ጀርባቸውን እያሸሽ ስለ ቤቱ ጉዳይ ምክር ጠይቂያቸው፤ ይህ ዕቃ ይሸጥ ወይስ ይቆይ፣ ልጁ የትኛውን ትምህርት ይማር። ምክራቸው ስለሚያስፈልግሽ ጠይቂ፤ ለማስመሰል ከሆነ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ወገብ ሥር አጥንቱ ላይ ቆዳው ጠቁሯል። አንዳንዶች «እሸው» ይሉኛል፣ ሌሎች መሐሉ ክፍት የሆነ የጎማ ቀለበት ግዛለት ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ማሸት ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል፤ ቀለበቱም በዙሪያው ያለውን የደም ዝውውር ያፍናል። የሚገልጹት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ጠይም ወይም ጥቁር በሆነ ሰው ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅዎም ይፈትሹ፤ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የሚያመው ከሆነ ምልክቱ ነው። ተረከዝን፣ ዳሌን፣ ትከሻንና የራስን ጀርባ በየቀኑ ይመልከቱ።

አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። ሙሉ በሙሉ በጎኑ ሲተኛ ክብደቱ የዳሌው አጥንት ላይ ስለሚያርፍ፣ ከጀርባው ትራስ አስገብተው ወደ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብሉት። ከባቱ ሥር ትራስ ያድርጉና ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ይንሳፈፍ። ወደ ላይ ሲያወጡት አይጎትቱት፤ ከሥሩ በተነጠፈ አንሶላ ለሁለት ሆነው ያንሡት። የጠቆረው ቦታ ላይ እንዳይተኛበት።

ይህን ሁሉ እያደረጉም ቢሆን ቁስሉን ባለሙያ ይየው። «ትንሽ ልጠብቅ» አይበሉ። ቆዳው ከተከፈተ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ዛሬውኑ ይሂዱ። ከላይ ትንሽ የሚመስል ቁስል ከሥሩ እስከ አጥንት የዘለቀ ሆኖ ያየሁባቸው ጊዜያት አሉ።

ጥያቄ፦ አማቴ ሌሊት አልጋ ስለሚያረጥቡ ቀን የሚጠጡትን ውሃ ቀንሼባቸዋለሁ። ጥሩ ዘዴ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እባክዎ ይመልሱላቸው። ውሃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ሆድም ይደርቃል፣ የደረቀው ሆድ ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ልብስ ላለማጠብ ሲሉ ሰው እያስጠሙ ነው። ቀን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ይውሰዷቸው፤ መጠኑን ሳይቀንሱ አብዛኛውን ውሃ ቀን ላይ ያጠጧቸው። ሲረጥቡ ቶሎ ይለውጡ፣ አጥበው ያድርቁ፣ ቆዳን ከእርጥበት የሚከላከል ቅባት በስሱ ይቀቡ። በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሐኪም የውሃ መጠን የወሰነላቸው ከሆነ ግን የሐኪሙን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሌሊት ይወለቃል?

መልስ፦ አዎ። በብሩሽ ይታጠብ፣ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር፤ የፈላ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። ተጋድማ በማንኪያ እያጠጣኋት ነው።

መልስ፦ አጋድመው ማጠጣቱን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ ከበላች በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳትተኛ ትቆይ። እርስዎም አይቁሙ፤ ቆሞ የሚያጎርስን ሰው ለማየት አንገቷን ወደ ኋላ ትለጥጣለች፣ ያኔ የአየር ቧንቧው ይጋለጣል። ከፊቷ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። በትንሹ ያጉርሱ፣ መዋጧን ይመልከቱ፣ ከዚያ ሌላ። በጉንጯ ውስጥ የቀረ ምግብ አለመኖሩን ይዩ። አጉርሰዋት ቴሌቪዥን አይመልከቱ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር፣ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ፈጥኖ ይወርዳል። በራስዎ ግምት ግን ማወፈር አይጀምሩ። የመዋጥ ችግርን የሚመረምር ባለሙያ ወይም ሐኪም ይያት፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ከጠጣች በኋላ ጉሮሮዋ ውስጥ ውሃ ያለ ይመስል ድምፅዋ ከተለወጠ፣ ትኩሳት ወይም የማይተው ሳል ከመጣ፣ ወደ ሳንባ የገባ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ቀን አይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አባቴን የእግር ጥፍር እኔ ልቁረጥ?

መልስ፦ እግራቸው የሚደነዝዝ፣ ዓይናቸው የደከመ ወይም ቁስል ያለባቸው ከሆነ አይቁረጡ፤ የጤና ባለሙያ ይቁረጥ። ካልሆነ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ ጥጋጥጉን አይቆፍሩ፤ በጣቶቹ መካከል ያድርቁ፣ እዚያ ቅባት አያድርጉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሳዛውራት ወገቤ ሊሰበር ነው። በብብቷ ይዤ ነው የማነሣት።

መልስ፦ በብብት መያዙ የእርስዎን ወገብ ብቻ ሳይሆን የእሷንም ትከሻ ይጎዳል፤ በስትሮክ የደከመ ትከሻ ደግሞ ከመገጣጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። ወንበሩን በጠንካራው ጎኗ በኩል ያስጠጉ፣ ፍሬኑን ይቆልፉ። አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትቀመጥ፤ ከተኛችበት በአንድ ጊዜ ከተነሣች ያዞራታል። እግሮቿ ወለሉን በደንብ ይርገጡ፣ ወደ ፊት ታጎንብስ፤ ሰው የሚነሣው ወደ ላይ በመሳብ ሳይሆን ወደ ፊት በማጎንበስ ነው። ወገቧን በሰፊ ቀበቶ ይያዙ፣ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው አብረው ይነሡ። አንገትዎን እንድታቅፍ አይፍቀዱ። ከዚህ በኋላም ካቃተዎት አንድ ቀን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ይለማመዱ፤ በጽሑፍ የማይማሩት ነገር አለው።

ጥያቄ፦ ትናንት በእናቴ ላይ ጮህኩባት። በሌሊት አምስት ጊዜ ቀሰቀሰችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ።

መልስ፦ ይቅርታ ይጠይቋት፤ የማትረዳ ቢመስልዎትም ይጠይቋት። ከዚያ ለቤተሰቡ ይደውሉ። በሆስፒታል እንኳ የምንሠራው በፈረቃ ነው፤ ብቻውን ለሃያ አራት ሰዓት የሚያስታምም ሰው የለም፣ መኖርም የለበትም። «ከቻላችሁ አግዙኝ» አይበሉ። «ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ያንተ ነው» ይበሉ፤ ቀንና ስም ጠርተው። ንዴቱ እንደገና ሲመጣ እሷ የማትወድቅበት ቦታ መሆኗን አይተው ከክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ይውጡ። እንቅልፍ ካጡ ሰንብተው ከሆነ ለእርስዎም ሐኪም ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ አባቴ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒትም ይወስዳሉ። ግን «ጢሜን ራሴ ነው የምላጨው» ብለው ምላጩን አይሰጡኝም።

መልስ፦ ምላጩ ይቅር፤ በደም ማቅጠኛ ላይ ያለ ሰው ከትንሽ ጭረትም ደሙ ቶሎ አይቆምለትም። በኤሌክትሪክ መላጫ ይለውጡላቸው። መስታወቱን በቁመታቸው ልክ ያስተካክሉ፣ ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉላቸው፣ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ። ከአገጫቸው ሥር ጥቂት ፀጉር ሊቀር ይችላል። «ትጨርስልኛለህ?» ብለው አገጫቸውን ወደ እርስዎ ካቀኑ ይጨርሱላቸው፤ ካላሉ ይተዉት።