ለዴክ ሥራ ገንዘብ ክፈል ያሉህን ሰዎች መጀመሪያ ሥራውን ጠይቃቸው

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍከውን አየሁት፣ ወንድሜ። «አንድ ቢሮ በዴክ ሠራተኛነት መርከብ ላይ እንልክሃለን አለኝ፤ ለቦታ ማስያዣ ቅድሚያ ክፈል ተብያለሁ። ሥራው ምንድን ነው? ልክፈል ወይ?» ብለሃል። አትክፈል። እኔ እዚሁ ገላን ነው የምኖረው፤ ዴክ ላይ፣ ማለትም በመርከቡ ክፍት የላይኛው ወለል ላይ፣ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አንተ የቆምክበት በር ላይ እኔም ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ይርዘምብህ እንጂ ሁሉንም ልንገርህ።

1. ገንዘቡ። የባሕር ሠራተኞችን መብት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። አገናኝ ድርጅት ሥራ ላስቀጥርህ ብሎ ከባሕረኛው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ከአንተ ኪስ ሊወጣ የሚችለው ለጤና ምርመራ ወረቀት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለፓስፖርት ነው። ቪዛውን እንኳ የሚከፍለው የመርከቡ ባለቤት ነው። «ቦታ ማስያዣ» የሚባል ነገር የለም።

እኔ የሄድኩበት ቢሮ መሃል ከተማ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። ግድግዳው ሁሉ የመርከብ ፎቶ ነው። የከፈልኩት የታላቅ እህቴን የእቁብ ብር ነበር፤ ቃሊቲ ሱቅ ውስጥ ቆማ ያጠራቀመችው። ደረሰኝ ስጠይቅ ጸሐፊዋ «ካላመንከን ለምን መጣህ?» አለችኝ። ፓስፖርቴንም ያዙት። ከዚያ «ነገ ና» ተጀመረ። ለወራት ከገላን ታክሲ እየቀያየርኩ ደጅ ጠናሁ። ኃላፊው አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «እናንተ ከከተማ ዳር የምትመጡ ልጆች ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባችሁም» አለኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ እህቴ ራሷ መጣች። ሱቋን ዘግታ መጥታ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ፓስፖርቱ እጄ ካልገባ አልነሳም አለች። አመሻሽ ላይ ሰጧት። ገንዘቡን ግን ውሃ በላው።

አንተም ፓስፖርትህን ሰጥተህ ከሆነ ዛሬውኑ ሄደህ ተቀበል። ኮፒ ይበቃቸዋል።

2. ሥራውን ጠይቃቸው። ያ ኃላፊ ሥራውን ሲያስረዳን «ገመድ መሳብና ዕቃ መጠበቅ ነው» ነበር ያለው። መርከብ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። እኔ የማውቀውን ልንገርህና አንተ እዚያ ሄደህ ፈትናቸው።

ጀማሪው ኦኤስ (ተራ ባሕረኛ) ይባላል። ልምድና ወረቀት ሲያሟላ ኤቢ (ብቁ ባሕረኛ) ይሆናል። የቅርብ አለቃህ ቦሰን የሚባለው የዴክ ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ከእሱ በላይ ቺፍ ኦፊሰሩ፣ የካፒቴኑ ምክትል፣ አለ። ጠዋት ቦሰኑ ሥራ ያከፋፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ዝገት ነው። ባሕር ጨው ነው፤ ብረቱን ሌት ተቀን ይበላዋል። በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ ታራግፋለህ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ትቀባለህ፣ ቀለም ትደርባለህ። ጫፍ ስትደርስ የጀመርክበት እንደገና ዝጓል። ስንዴ ወይም ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ከሆነ፣ ጭነቱ ሲራገፍ የዕቃ ክፍሉን ጠርገህ በባሕር ውሃ ታጥባለህ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለህ። ወደብ ላይ ደግሞ መሰላሉ ጋ ቆመህ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ትመዘግባለህ። በአዲስ አበባ ብርድ ላደገ ሰው የጅቡቲ ሐምሌ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ብረቱ በጓንት እንኳ ያቃጥላል።

ከሁሉም የሚያስፈራው መርከቡ ወደብ ሲይዝ ነው። ገመዶቹ ከመርከቡ ወደ ወደቡ ተዘርግተው በዊንች፣ ገመድ በሚጠቀልል ማሽን፣ ይወጠራሉ። የተወጠረ ገመድ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ እግር ይቆርጣል፣ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ገመድ በተጠቀለለበት ክብ ውስጥ እግርህን አታስገባ፤ በተወጠረ ገመድ አቅጣጫም አትቁም። ቦሰኔ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነበር። በመጀመሪያው ወደብ ላይ ኮሌታዬን ይዞ ከገመዱ መስመር ጎትቶ አወጣኝ። ማታ ላይ ሻይ አፍልቶ ለምን እንደጎተተኝ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ያንን ሰው ዕድሜ ይስጠው እላለሁ።

ሁለተኛው ገዳይ የተዘጋ ክፍል ነው። ታንክ፣ የመልህቅ ሰንሰለት ማስቀመጫ፣ ዝግ ሆኖ የቆየ የዕቃ ክፍል። ዝገት ራሱ ኦክስጅን ይበላል፤ እህል፣ እንጨትና የድንጋይ ከሰልም እንዲሁ። ጤነኛ አየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ገደማ ነው። ሲያንስ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሰው ዝም ብሎ ይወድቃል። ከዚያ ጓደኛው ላድነው ብሎ ሳያስብ ይገባና እሱም ይወድቃል። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ፣ የፈቃድ ወረቀት ሳይሞላ፣ በር ላይ ሰው ሳይቆም ማንም ቢያዝህ አትግባ። አለቃ ተቆጣ ብለህ እንዳትገባ፣ አደራህን።

3. ዓይንህን ተመርመር። ይህን ከምንም ነገር በፊት አድርገው። ማታ ብሪጅ ላይ፣ መርከቡ በሚመራበት ክፍል፣ ቆመህ የምትጠብቀው የሌላ መርከብ መብራት ነው። ቀይ በግራ ጎኑ፣ አረንጓዴ በቀኝ ጎኑ ነው። ቀዩን ካየህ ግራ ጎኑን እያየህ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ የምታውቀው በዚህ ነው። ቀለም መለየት ያቃተው ሰው በዴክ ምርመራ ይወድቃል። ከእኔ ጋር ለዚያ ቢሮ የከፈለ አንድ የአቃቂ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ። ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ ያወቀው ብሩ ከሄደ በኋላ ነው። ቢሮው ምርመራውን አስቀድሞ ሊነግረው ይችል ነበር፤ አልነገረውም። ይህ ነው እኔን የሚያናድደኝ። አንተ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄደህ የቀለም መለያ ምርመራ ጠይቅ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ሥልጠናውንም «እኛ ወረቀቱን እናወጣልሃለን» ካሉህ ሽሽ። መሠረታዊ የደህንነት ሥልጠና ማለት ውሃ ውስጥ መትረፍ፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታና የግል ደህንነት ነው። በአካል ገብተህ የምትሠለጥነው ነገር ነው። ወረቀቱ ሐሰተኛ ከሆነ ይጣራና መንገድህ እዚያው ይዘጋል። ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ብትወጣ ቢሾፍቱ ቅርብህ ነው፤ ባቦጋያ የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ። ሄደህ በአካል ጠይቅ። እኔ ከዚያ ቢሮ ከተገላገልኩ በኋላ በትክክለኛው መንገድ ነው የሠለጠንኩት፤ ጊዜ ወሰደ፣ ግን ማንም ሰው ወረቀቴን አንስቶ ጥያቄ አላነሳበትም። ከኦኤስ ተነስቼ ኤቢ ሆኛለሁ፤ የመርከብ መሪ ጨብጬ ስዊዝ ቦይን አልፌያለሁ። ያ ኃላፊ ይህን ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ደመወዝም ጠይቃቸው። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኤቢ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መነሻ በወር 673 ዶላር ነበር። ትርፍ ሰዓት ተጨምሮ ከፍ ይላል፤ ጀማሪ ግን ከኤቢ ያነሰ ነው የሚያገኘው። ለጀማሪ ብዙ ሺህ ዶላር ቃል ከገቡልህ ይዋሻሉ። የእረፍት ሰዓትንም እወቅ፤ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ነው። አንዳንድ መርከብ ላይ ያላረፍከውን አረፍኩ ብለህ ፈርም ይሉሃል። የራስህን ሰዓት በትንሽ ደብተር ጻፍ፤ እኔ ሁሌም እጽፋለሁ።

የመስመሩን ነገርም ለቤተሰብህ አትደብቅ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ መርከቦች ተመትተዋል፣ ባሕረኞች ሞተዋል። ኮንትራት ከመፈረምህ በፊት መርከቡ በየት እንደሚያልፍ ጠይቅ።

ነገ ስትሄድ ከሁሉም በላይ ይህን ጠይቃቸው፦ የመርከቡን ስምና የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥሩን። እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ 7 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ ስሙ ቢቀየር፣ ቢሸጥ ቁጥሩ አይቀየርም። ኢኳሲስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝግበህ መርከቡ መኖሩንና የማን እንደሆነ ታያለህ። ቁጥሩን ከሰጡህ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናያለን። «ከከፈልክ በኋላ ይነገርሃል» ካሉህ ግን ብርህን ይዘህ ውጣ።