ቤት ከመምታቱ በፊት

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የግጥም ደብተራችሁን ይዛችሁ መምጣታችሁን አልተዋችሁም፤ ደስ ይለኛል። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ ግጥም ከየት ይመጣል? ከሰማይ ዱብ ይላል የሚሏችሁን አትስሟቸው።

ከተማችን ጎንደር ስሟ የገነነው በአቋቋም፣ በቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት ነው፤ ቅኔ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት የዋድላ፣ የጎንጅና የዋሸራ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ቢሆንም የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ አይታችሁ ይሆናል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም፣ ወረቀት አልያዘም። የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ገና ሩቅ ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አፍርሰው እንደገና ያስጀምሩታል። እናንተ ግን አንዲት ቃል ሲነኩባችሁ ታኮርፋላችሁ። አዝማሪውስ? «ተቀበል» ሲሉት ወዲያው በማሲንቆው የሚመልሰው፣ ጆሮው ልኩን ለዓመታት ስለ ለመደ ነው።

ባለፈው አንዲት ልጅ ይህን አመጣችልኝ፦

ፋሲል ግንብህ ቆሟል ዘመንን ተሻግሮ፣
ስምህም ይኖራል በዓለም ተከብሮ።

ልኩ አልተጓደለም። ወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ በየሐረጉም ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ምት) አለው፤ የስንኞቹ መጨረሻም በአንድ ፊደል ስለ ገጠመ ቤቱ መትቷል። ነገር ግን ልጅቷ ግንቡን አላየችውም። «ተከብሮ» የመጣው «ተሻግሮ» ስለ ጠራው ብቻ ነው። ቤት መምቻ ፍለጋ ከጀመራችሁ ቃሉ እናንተን ይመራችኋል፤ ሐሳባችሁን የሚወስነው የመጨረሻው ፊደል ይሆናል። ብዙ የበዓል ግጥም የሚያሰለቸኝም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ስንኝ ሳይነበብ ይታወቃል።

«ሂጂና ከግንቡ አጥር ሥር ተቀመጪ፤ ንጉሡን እርሺው፤ ያየሽውን ብቻ ይዘሽ ነይ» አልኳት። ይዛ የመጣችው ይኸውና፦

የንጉሡ ግንብ ሥር ጥላው ሲዘረጋ፣
ሊስትሮ ተቀምጧል ደንበኛ ፍለጋ።

እዚህ ላይ ማንም «ታላቅ» አልተባለም፣ ማንም «ምስኪን» አልተባለም። የንጉሡ ግንብ ጥላና ሊስትሮው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የቀረውን አንባቢው ይጨርሰዋል። ሰምና ወርቅ የሚባለው ሁልጊዜ ባለ ሁለት ፍች ቃል ማደን አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን አቀራርቦ ዝም ማለትም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስትጽፉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የጎደለውን ቀለም ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል። በጣት መቁጠር የሚያስፈልገው ጆሮ ሲጠራጠር ነው። የጻፋችሁትን ደግሞ በዚያው ሌሊት በስልክ ለዓለም አትልቀቁት፤ ከርሞ አያረጅም።

የልጅቷ ስንኝም ገና አላለቀም። «ተቀምጧል» የሚለው አልተዋጠልኝም። ሊስትሮ ደንበኛ የሚፈልገው ዓይኑን ከመንገደኛው ጫማ ሳይነቅል ነው፤ ያን ዓይን የሚያሳይ ስድስት ቀለም ፈልጊ ብያታለሁ።