የእሑድ ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሲሊኮን ፕሮስቴቲክ እትዬ ብሩሽን ጠይቁ

እትዬ ብሩሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። ለአዲሶች፦ እኛ ፕሮስቴቲክ የምንለው ለቀረጻ ተዋናይ ፊት ላይ የምንለጥፈውን የሲሊኮን ግንባር፣ አፍንጫ፣ ጉንጭ ነው። ዛሬ ሥራ የለኝም፤ ሳጥን ውስጥ የሚደርቅ አንድ ግንባር ብቻ ነው ያለኝ። እስከ 12 ሰዓት ጠይቁኝ። ግን ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉ፦ ሲሊኮኑ የቱ ነው፣ ሞልዱ (ሲሊኮኑ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ከምንድን ነው፣ ክፍሉ ይበርዳል ወይስ ይሞቃል፣ ሳይደርቅ በፊት ሲሊኮኑን ምን ነካው። ፎቶ ለጥፎ «ምን ሆኖብኝ ነው?» ለሚል ሰው አልመልስም። አስቀድሜ ደግሞ የላቴክስ ጓንታችሁን አውልቁ። ፕላቲነም ሲሊኮን፣ ያ ፊት ላይ የሚለጠፈው ዓይነት፣ ላቴክስ ከነካው አይደርቅም። ናይትራይል ወይም ቪኒል አድርጉ።

አዲስ ገቢ፦ እትዬ፣ ጥሩ ሲሊኮን የትኛው ነው?

እትዬ ብሩሽ፦ ለምኑ?

አዲስ ገቢ፦ ለፊልም።

እትዬ ብሩሽ፦ ለአፍንጫ ነው? ለጉንጭ? ለተቆረጠ እጅ? ፊት ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ፕላቲነም ብቻ። ቲን የሚባለው ለሞልድ ይሁንህ፣ ቆዳ ላይ አይወጣም። ሌላውን ለይተህ ጠይቀኝ።

የሰንጋ ተራው፦ እትዬ፣ አገጩ ተጣበቀብኝ። መሃሉ ደርቋል፣ ዳር ዳሩ ግን እንደ ማር ነው። ድራገን ስኪን ኤፍኤክስ-ፕሮ፣ ባለ ሁለት ክፍል የጀሶ ሞልድ፣ ክፍሉ ብዙም አይበርድም።

እትዬ ብሩሽ፦ ሦስቱን መለስክ። አራተኛውስ? ምን ነካው?

የሰንጋ ተራው፦ ምንም አልነካውም።

እትዬ ብሩሽ፦ «ምንም» የሚባል ነገር የለም። ጓንትህ? የቀረጽክበት ክሌይ? ሰልፈር ያለው ክሌይም እንደ ላቴክስ ነው፣ አያደርቅም።

የሰንጋ ተራው፦ ጓንቴ ናይትራይል ነው። ክሌዩም ሰልፈር የለውም፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።

እትዬ ብሩሽ፦ እንግዲያው ሌላ ነገር አለ። አስብና ተመለስ።

ሀኒ ሜካፕ፦ ተዋናዩ ጠይም ነው። የሠራሁለት ጉንጭ በዓይን ሲታይ ደህና ነው፣ ካሜራ ውስጥ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፕላትሲል ጄል-10፣ የጀሶ ሞልድ፣ ጓንት ናይትራይል።

እትዬ ብሩሽ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ነጭ ቀለም ጨምረሻል አይደል?

ሀኒ ሜካፕ፦ ትንሽ። ጠቆረብኝና ላፍካው ብዬ።

እትዬ ብሩሽ፦ በሽታው እሱ ነው። ቆዳ የተቀባ ግድግዳ አይደለም። ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ትንሽ ይዘዋወርና ቀላ ብሎ ይወጣል። ነጭ ስትጨምሪበት ብርሃኑ ከላይ ይመለሳል፤ በጠይም ፊት ላይ ደግሞ ያ አመድ ሆኖ ይታያል። ጥቁርም ከዚህ አይሻልም። የጥቁር ቀለም ጠርሙሴን ከቤት ካወጣሁት ቆየሁ፤ ማጥቆር ስፈልግ የተቃጠለ ቡናማና ጥቂት ሰማያዊ ነው የምጠቀመው። «የሥጋ ቀለም» እየተባሉ በጠርሙስ የሚሸጡት አብዛኞቹ ደግሞ የፈረንጅ ሥጋ ናቸው። ቡናማ አክዬ ወደ እኛ አመጣቸዋለሁ አትበይ፤ ውስጣቸው ያለው ነጭ አይወጣም።

እኔ የቀለም ደብተሬን የምጽፈው በራሳችን ቃል ነው፦ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ። ለጠይም፣ ቀለም የሌለውን ሲሊኮን እወስድና በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቢጫ ኦከር፣ በሌላ ጫፍ ቀይ ቡናማ አስገባበታለሁ። ለ100 ግራም ሲሊኮን ቀለሙ ተደምሮ 1 ግራም አይሞላም። ከዚያ ፍሎኪንግ፣ ያ እንደ በርበሬ የደቀቀ ባለቀለም ጭረት፤ ቀይ ይበዛል፣ ቡናማ ይከተላል፣ ሰማያዊ ለስም ያህል። ብርጭቆው ውስጥ ስታዪው «ይሄማ ቀጭን ሻይ ነው» ትያለሽ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በብርጭቆው አትፍረጂ፤ በጉንጩ ውፍረት ልክ ትንሽ አፍስሺ፣ ሲደርቅ ተዋናዩ መንጋጋ ላይ አድርጊው፣ መስኮት አጠገብ አቁሚውና በካሜራ እዪው። ቀጭኑ ጠርዝ የተዋናዩን ቆዳ ያሳያል፣ ወፍራሙ መሃል የራሱን ቀለም ይዞ ይቆማል። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ሥራው ያለቀው።

ደግሞ ፊት አንድ ቀለም አይደለም። እህትሽን መስኮት አጠገብ አስቀምጠሽ እያት። ግንባሯ ጠቆር ይላል፣ ከዓይኗ ሥር ወይን ጠጅ አለ፣ የአፍንጫዋ ጎን ቀላ ይላል፣ ከአገጯ በታች ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ይሄንን ከላይ በአልኮል ቀለም፣ በስኪን ኢሉስትሬተር ዓይነቱ፣ እየረጨሽ ትጨርሺዋለሽ። ከውስጥ የሞተውን ግን ከላይ አታድኚውም።

ካሜራማኑ፦ እኛ በመብራት እናስተካክለዋለን እኮ።

እትዬ ብሩሽ፦ እናንተ በመብራት የምታስተካክሉትን ስንት ዓመት አየሁት።

የጉለሌው፦ ሲሊኮን ውድ ነው። በጄላቲን ልለማመድ?

እትዬ ብሩሽ፦ ተለማመድ። ጄላቲን፣ ግሊሰሪን፣ ጥቂት ውኃ። ከተበላሸብህ መልሰህ ታቀልጠዋለህ። ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ተዋናዩ ሲያልበው ይቀልጣል። አዋሽ ወርደህ ልትቀርጽበት እንዳታስብ።

የመድረክ ሰው፦ ጄላቲን ከአሳማ ነው እኮ። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዱ ተዋናይ ፊቴን አላስነካም አለን።

የጉለሌው፦ አይበላው! የቆዳ ጫማ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ይሄድ የለ?

ካሜራማኑ፦ ከንፈር ላይ ከሆነስ? ሲናገር ይዋጣል።

የመድረክ ሰው፦ ሙስሊም ተዋንያንስ? ነገሩ የጾም ብቻ አይደለም።

የጉለሌው፦ እንግዲህ ነፍስ አባቱን ይጠይቅ፤ ሜካፕ ሠሪ ምን አገባው?

እትዬ ብሩሽ፦ እኔ ቄስም ሼህም አይደለሁም። የከብት ጄላቲን አለ፣ የዓሣም አለ፤ ካርቶኑን አንብቡ። ለተዋናዩ ሳትነግሩት ግን ፊቱ ላይ አታድርጉ። በቃ፣ ወደ ሲሊኮን።

አዲስ ገቢ፦ መርካቶ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሲሊኮንስ? እሱም ሲሊኮን ነው።

እትዬ ብሩሽ፦ ስትከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል አይደል? ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ ነው። ሰው ፊት ላይ እንዳታደርገው። ባኞ ላይ አድርገው።

ቀራጩ፦ የሲሊኮኑን የአየር አረፋ የሚስብ የቫኩም ማሽን ገዝቼ ነበር፣ ተበላሽቷል መሰለኝ። መመሪያው የግፊት ቆጣሪው 29 ኢንች ይድረስ ይላል፤ የኔ 22 ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አዲስ አበባ ነኝ። ሻጩ አልመልስም አለኝ።

እትዬ ብሩሽ፦ እልልል! ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ማሽንህ ደህና ነው። ያ ቆጣሪ የሚለካው የውጭው አየር ከውስጡ ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። 29 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ውስጡን ጨርሰህ ባዶ ብታደርገው እንኳ ቆጣሪው ከ22 ተኩል ብዙ አያልፍም። ያንኑ ማሽን ድሬዳዋ ብትወስደው 26 አካባቢ ያሳይሃል። ሻጩን ይቅርታ ጠይቅ።

ሌላው የከፍታችን ጣጣ ብርዱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሰዓት ለ23 ዲግሪ የተጻፈ ነው። «በ40 ደቂቃ ይደርቃል» የተባለው በኅዳር ሌሊት በ40 ደቂቃ አይደርቅም። እኔ በካርቶን ሳጥን ውስጥ የድሮውን የሚያሞቅ አምፖል ሰቅዬ ነው የማደርቀው። አሴቶንና አልኮል ግን እዚያ አካባቢ አይድረስ፤ ይቀጣጠላል።

ቀራጩ፦ የጄል-10ን አረፋ በቫኩም ላውጣው እንግዲህ?

እትዬ ብሩሽ፦ ጄል-10 ከተቀላቀለ 6 ደቂቃ ነው ያለህ፤ ማሽኑን ስትከድን ያልቅብሃል። ከፍ አድርገህ እንደ ቡና በቀጭኑ ቅዳው፣ ወይም በሲሪንጅ ወደ ሞልዱ ግፋው። ቫኩሙን ቀስ ብለው ለሚደርቁት አስቀምጠው። ያኔም ዕቃው አራት እጥፍ ይስፋ፤ እንደ ሽሮ ገንፍሎ ይፈስብሃል።

የጉለሌው፦ ማለስለሻውን ስንት ፐርሰንት ልጨምር?

እትዬ ብሩሽ፦ በፐርሰንት አታውሩኝ፤ አንዱ መቶ ፐርሰንት የሚለው ለሌላው ሃምሳ ነው። በክፍል ቁጠሩ። የሲሊኮኑ ሁለት ጠርሙሶች ሀ እና ለ ናቸው፤ አንድ ሀ፣ አንድ ለ፣ አንድ ዴድነር (ማለስለሻው) ለግንባር ይሆናል። ለጉንጭ ዴድነሩን ወደ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ከፍ አድርግ። በበዛ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል፤ ስለዚህ በካፕ ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ነው የሚፈሰው። ያ ሽፋን ነው ከቆዳው ጋር እንዲዋሃድ ጠርዙ ላይ በአልኮል የሚቀልጠው።

የመድረክ ሰው፦ ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል ይሆናል?

እትዬ ብሩሽ፦ 70 ፐርሰንቱ ውኃ አለበት፣ ጠርዙ በደንብ አይቀልጥም። 99 የሚለውን ፈልግ። አረቄም አይሆንም፤ ሊጠይቅ ያሰበ እንዳለ አውቃለሁ። በአሴቶን የሚቀልጥ ሽፋን ከሆነ ደግሞ ዓይን አካባቢ አታስጠጉት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ታኅሣሥ ላይ ከአሜሪካ እመጣለሁ። ምን ላምጣላችሁ?

የጉለሌው፦ ሁሉንም!

እትዬ ብሩሽ፦ ሲሊኮን፣ የሲሊኮን ቀለም፣ ፍሎኪንግ፣ ፕሮስ-ኤይድ፤ እሱ በውኃ የተሠራ ማጣበቂያ ነው። አሴቶን፣ 99ኙን አልኮልና ሽታቸው የሚከረፋ ማጣበቂያዎችን አትያዝ። የሚቀጣጠል ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

አዲስ ገቢ፦ ዋጋው ስንት ነው?

እትዬ ብሩሽ፦ ዋጋ አላወራም።

የመድረክ ሰው፦ የሰው ፊት ቅርጽ ስናወጣ አፍንጫው ውስጥ ስትሮ እንጨምራለን አይደል?

እትዬ ብሩሽ፦ የለም። ስትሮ አፍንጫውን ያጣምመዋል፣ ሰውየው ቢነቃነቅ ደግሞ ያቆስለዋል። ቀዳዳዎቹን ክፍት ትተዋላችሁ፣ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሠራ እነሱን ብቻ ይጠብቃል። መጀመሪያ አልጂኔት (የጥርስ ሐኪም የጥርስ ቅርጽ የሚያነሳበት፤ የጥርስ ዕቃ መሸጫ አለ)፣ በላዩ የጀሶ ፋሻ። ጀሶ በቀጥታ ፊት ላይ አይፈስም፤ ሲደርቅ ይግላል፣ ያቃጥላል። አልጂኔቱ እንደወጣ ወዲያው ጀሶ ሙሉት፤ ቢያድር ውኃው ይተንና ይኮማተራል።

የአባቱ ልጅ፦ ይቅርታ እትዬ፣ «ፕሮስቴቲክ» የሚለውን አይቼ ነው የገባሁት። አባቴ በስኳር ምክንያት እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። እናንተ ትሠራላችሁ?

እትዬ ብሩሽ፦ እግዚአብሔር ይማርልህ ልጄ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሙያው ሌላ ነው። የእኛ ለካሜራ ነው፣ ክብደት አይሸከምም። ያከመው ሐኪም ወደ አካል ድጋፍ ማዕከል የሚልክ ወረቀት ይጻፍለት፤ እዚያ ይለኩታል። ቁስሉ ሳይድን ግን አይቸኩል። ስኳር ያለበት ሰው ቆዳው ቢላጥ ላይሰማው ይችላልና ማታ ማታ ጉቶውን አንተ እይለት።

የአባቱ ልጅ፦ እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ።

ሀኒ ሜካፕ፦ አንዱን ጉንጭ ስንት ቀን እንጠቀመዋለን?

እትዬ ብሩሽ፦ አንድ ቀን። የቀለጠው ጠርዝ ሲነሳ ይጠፋል፤ በማግስቱ ስታደርጊው መስመሩ እንደ ገመድ ይታያል። ሃያ የቀረጻ ቀን ካለ ሃያ ጉንጭ፣ ከመጠባበቂያ ጋር ሃያ ሦስት። አንድ ጊዜ አንዱ ፕሮዲውሰር «እጠቢውና ድገሚው፣ የማን ካልሲ ነው የማይታጠበው?» አለኝ። አጠብኩለት፤ ልቤ እያወቀ። በሁለተኛው ቀን ቅርብ ሾት ላይ የሽማግሌው ጉንጭ ከጆሮው ሥር ተገለጠ። ትዕይንቱ በሙሉ ተደገመ፣ ወጪውን ግን ማንም በካልሲ አልቆጠረውም። አሁን የጉንጩን ብዛት ውሉ ላይ አጽፋለሁ።

ስታነሱትም አትገንጥሉት! ማጣበቂያውን በማላቀቂያው፣ በብሩሽ፣ ከጠርዝ ወደ ውስጥ። ከቀረጻው ከ24 ሰዓት በፊት ደግሞ ማጣበቂያውን ክንዱ ላይ ሞክሩለት።

ካሜራማኑ፦ ሲሊኮንን የጀመረው ማነው?

እትዬ ብሩሽ፦ አንድ ሰው አይደለም። ግሬግ ካኖምና ዌስሊ ዎፎርድ ለሜካፕ ሲሊኮናቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ከኦስካሩ አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝተዋል። ጋሪ ኦልድማንን ቸርችል ያደረገው ካዙ ሂሮ በ2018 ኦስካር ወስዷል። ሌላውን ራስህ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እትዬ፣ እኔም አልደርቅ አለኝ።

እትዬ ብሩሽ፦ ጓንትህ ምንድን ነው?

አዲስ ገቢ፦ የሐኪም ጓንት፣ ነጩ።

እትዬ ብሩሽ፦ …

ቀራጩ፦ ላቴክስ ነው ወንድም፣ አውልቀው። የሰንጋ ተራው፣ አንተስ? ያ ሞልድ ባለ ሁለት ክፍል ነው ብለሃል። መጋጠሚያው አላፈሰሰብህም?

የሰንጋ ተራው፦ አያፈስም። የመኪና ካላማዳሪ በቀጭኑ ቆርጬ ዙሪያውን አስገብቼበታለሁ።

እትዬ ብሩሽ፦ ካላማዳሪ!

የሰንጋ ተራው፦ እሱማ ጎማ ነው እንጂ ላቴክስ አይደለም ብዬ…

እትዬ ብሩሽ፦ ጎማ የሚጠነክረው በምን መሰለህ? በሰልፈር። ዳር ዳሩ ብቻ ማር የሆነው ለዚህ ነው፤ የነካው እዚያ ነዋ። ካላማዳሪውን ጣለው። መጋጠሚያውን በአልኮል እጠበው፣ አድርቀው፣ በአክሪሊክ ስፕሬይ ሁለት ጊዜ ሸፍነው፣ ቫዝሊን በስሱ ቀባው። ከዚያ አንድ ማንኪያ ሲሊኮን ዳሩ ላይ አፍስሰህ ሞክር። ከደረቀ አገጩን ድገመው፤ ካልደረቀ ሞልዱ አይድንም፣ አዲስ ሥራ። ለማፍሰሱ ክሌይ ዙሪያውን ለጥፍበት፣ ያው ሰልፈር የሌለውን።

የሰንጋ ተራው፦ አሁኑኑ ልሞክር?

እትዬ ብሩሽ፦ አሁን መሽቷል፣ በርዷል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ። እኔም ግንባሬን ላውጣ።