የቴኳንዶ ማስተሬን ትቼ ኮምቦልቻ ልሂድ ወይ?

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ ውስጥ ከ13 ዓመቴ ጀምሮ በአይቲኤፍ (ዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) ሥርዓት ቴኳንዶ እሠራለሁ፤ ሁለተኛ ዳን፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ ሁለተኛ ደረጃ ደርሻለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት የሕፃናቱን ክፍል የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ የማገኘው የታክሲ ብቻ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ የጂም ባለቤት ማታ ማታ አዳራሹን ሊሰጠኝና ክፍያውን ልንካፈል ጠየቀኝ። አባት የለኝም፤ የመጀመሪያውን ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) የገዙልኝ አሠልጣኜ፣ ማስተሬ ናቸው። ውለታ በላ እንዳልባል ፈራሁ። ዝም ብዬ ብጠፋ ይሻላል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። መሄድህ ጥፋት አይደለም፤ ብትጠፋ ግን ጥፋት ይሆናል።

አድርጌው ስለማውቅ ነው ይህን የምልህ። በወጣትነቴ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጨለማ ክፍል አስገብተው ፊልም ማጠብ ያስተማሩኝ ባለቤቱ ነበሩ። ሌላ ሥራ ሳገኝ መናገሩ ጨንቆኝ፣ አንድ ዓርብ ማታ ቁልፉን ለጎረቤት ሱቅ ሰጥቼ በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ደጃፍ ላለማለፍ ዓመታት ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ኖርኩ። ሲያርፉ ለቅሶ ደረስኩ፤ ማን እንደሆንኩ ከልጆቻቸው አንዱም አላወቀኝም።

የማስተርህን ውለታ አልበላህም። የስድስት ዓመት ልፋት ሰጥተሃል፤ በ26 ዓመትህ የራስህን እንጀራ መፈለግህ ነውር የለውም። ልምምድ ስትጀምሩ የምትምሉት መሐላም አሠልጣኝህንና ታላላቆችህን አክብር ነው የሚለው፤ ዕድሜ ልክህን ከሥራቸው አትውጣ አይልም። ከአምስቱ የቴኳንዶ መርሆዎች አንዱ ደግሞ ሐቀኝነት ነው።

ለሥራህም ቢሆን ያስፈልጉሃል። በአይቲኤፍ ሥርዓት እስከ ሦስተኛ ዳን ያለ ሰው ቡሳቦም፣ ማለትም ረዳት አሠልጣኝ ነው፤ ሳቦም የሚባለው ከአራተኛ ዳን ጀምሮ ነው። የኮምቦልቻ ልጆችህ ለጥቁር ቀበቶ ሲደርሱ ከአንተ በላይ ያለ ፈታኝ ይፈልጋሉ። አንተም ሦስተኛ ዳን ትፈተናለህ። የስድስት ዓመቱን የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚጽፍልህስ ማን ሆነና?

ስለዚህ የጂሙን ውል ከመፈረምህ በፊት ንገራቸው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት። በስልክ አይሁን። አዳራሽ ውስጥ፣ ተማሪ እያየም አይሁን። እሁድ ከሰዓት አንድ ኪሎ ቡና ይዘህ እቤታቸው ሂድ። አቦሉ ላይ ስለ ጤና ስለ ቤተሰብ ተጫወቱ፤ ቶናው ሲቀዳ ተናገር። «ፍቀዱልኝ» አትበል። የቆረጥክበትን ነገር ፈቃድ መጠየቅ እርሳቸውንም ራስህንም ማታለል ነው። «ኮምቦልቻ ላስተምር ነው፣ ይመርቁኝ» በላቸው። ወሎ ውስጥ መርቁኝ ተብሎ ፊቱን የሚያዞር ታላቅ ሰው ብዙ አላየሁም። ቢቆጡ አትመልስ። በረካው ሳይጠጣ ብትነሳም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያከብሩትን ሰው ይዘህ ተመለስ።

ተማሪ ነጠቀኝ የሚሉበት ምክንያት እምብዛም የለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ ልጁን ማታ ማታ የሐረጎን ተራራ አሻግሮ ለልምምድ የሚልክ የደሴ ወላጅ አይኖርም። ያም ሆኖ አንድ ልጅ እንኳ ልከተልህ ቢልህ እምቢ በል።

የጂሙን ባለቤት ቃል በወረቀት አስፍር፦ ድርሻህ ስንት እንደሆነ፣ ምንጣፉን ማን እንደሚገዛ፣ ልጅ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የፈረቃ ሠራተኛ ብዙ ነው። በዚህ ሳምንት ማታ የመጣልህ ወጣት በሚቀጥለው ማታ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የጠዋት ሰዓትም አብረህ ጠይቅ። የከተማውን ስፖርት ጽሕፈት ቤትም ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግህ አስቀድመህ ጠይቅ። ገቢው እስኪረጋ ድረስ ከደሴ እየተመላለስክ ብትሠራ እመርጣለሁ፤ የቤት ኪራይ ገና በመጀመሪያው ወር አያስጨንቅህ።

ሕፃናቱን ደግሞ ሳትሰናበት እንዳትሄድ። ቀበቶውን ማሰር ያልቻለ ልጅ እስከ ዛሬ ወደ አንተ ነበር የሚሮጠው፤ ከሰኞ ጀምሮ ማን እንደሚያስርለት ካንተ አፍ ይስማ።