ክብሩ ከቤቱ ሲወጣ፦ ስለ ነቢያትና ስለ ቅዱስ ስፍራ ጠይቁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ነቢያቱ ቤተ መቅደሱን ይቃወሙት ነበር እንዴ? ኤርምያስን ሳነብ ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ ቤቱን አልጠሉም። የተጣሉት እንደ መድን ከሚቆጥሩት ሰዎች ጋር ነው። ኤርምያስ 7ን እየው። ሰዎቹ ይሰርቃሉ፣ ይገድላሉ፣ በሐሰት ይምላሉ፤ ከዚያ መቅደስ ገብተው «ድነናል» ይላሉ። ነቢዩ በሩ ላይ ቆሞ «ሂዱና ሴሎን እዩ» አላቸው። ታቦቱ ድሮ የነበረው ሴሎ ነበር፤ እሷም ጠፋች። በዚህ ንግግሩ ሊገድሉት ተነሡ። ምዕራፍ 26 ላይ ሽማግሌዎች ተነሥተው «ሚክያስም በሕዝቅያስ ዘመን ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ብሎ ነበር፤ ማን ገደለው?» ብለው ተሟገቱለት። ኦርዮ የሚባል ሌላ ነቢይ ግን ይህንኑ ተናግሮ ወደ ግብፅ ቢሸሽም ተይዞ ተገደለ።

ጥያቄ፦ ሕዝቅኤል ባቢሎን ተቀምጦ ስለ ኢየሩሳሌም መቅደስ ምን አስጨነቀው?

መልስ፦ ካህን ነዋ! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከንጉሥ ዮአኪን ጋር ከተማረኩት አንዱ ነው። ካህን ያለ መቅደስ ምን ይሠራል? መልሱ የመጣው በኮቦር ወንዝ ዳር ነው፤ ያየው ዙፋን ከመንኰራኩር ጋር ነበር። የሚንቀሳቀስ የእግዚአብሔር ዙፋን ማለት ነው።

ምዕራፍ 8 ላይ በራእይ ኢየሩሳሌም ተወሰደ። ሰባ ሽማግሌዎች በጨለማ ጣዖት ያጥናሉ፣ ሴቶች ተሙዝ ለሚባለው የባቢሎን ጣዖት ያለቅሳሉ፣ ሃያ አምስት ያህል ወንዶች ለመቅደሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ለፀሐይ ይሰግዳሉ። ከዚያ የእግዚአብሔር ክብር ከቤቱ መውጣት ጀመረ። ግን በአንዴ አይደለም። ከኪሩቤል ተነሥቶ ወደ ቤቱ መድረክ፣ ከመድረኩ ወደ ምሥራቁ በር፣ ከዚያ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ተራራ። እኔ ሳነበው እያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ «አሁን እንኳ ይመልሱኝ ይሆን?» የሚል ይመስለኛል። ባቢሎናውያን ቤቱን ያቃጠሉት ከዚህ ከዓመታት በኋላ ነው። በሕዝቅኤል ዓይን ያቃጠሉት ባዶ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ካለ መቅደስ ለምን ያስፈልጋል ታዲያ?

መልስ፦ 11፥16 ላይ ለምርኮኞቹ «መቅደስ እሆናቸዋለሁ» ይላል፣ ያውም በባዕድ አገር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ልክ ነህ እልህ ነበር። ነገር ግን ያው ነቢይ ከምዕራፍ 40 ጀምሮ አዲስ ቤት ያያል፤ አንድ ሰው ዘንግ ይዞ በሩን፣ ግንቡን፣ ጓዳውን ሁሉ እየለካ። ብዙዎቻችን ይሰለቸናል፣ እንዘለዋለን። ልኩ ግን ዝም ብሎ አይደለም። 42፥20 ምክንያቱን ይነግርሃል፦ የተቀደሰውን ካልተቀደሰው ለመለየት። ሲጨርስ ክብሩ በወጣበት በምሥራቅ በኩል ተመለሰ።

ጥያቄ፦ ሕዝቅኤል ያየው የተዘጋ በር እመቤታችን ናት ሲባል ነው ያደግኩት። ስህተት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። 44፥2 በሩ የተዘጋው እግዚአብሔር ስለገባበት ነው ይላል፤ ሌላ ሰው አይገባበትም። አባቶች ስለ ድንግልናዋ ያስተማሩት ከዚሁ ተነሥተው ነው።

ጥያቄ፦ በሕዝቅኤል ራእይ ከመቅደሱ የሚወጣው ውኃ ጨው ባሕርን ይፈውሳል ይላል። ሙሉ በሙሉ?

መልስ፦ አይ። በባሕሩ ዳር ካለችው ከዓይንጋዲ ጀምሮ አጥማጆች መረብ ያሰጣሉ፤ ረግረጉ ግን ጨው እንደሆነ ይቀራል (47፥11)። ካህናቱ በመሥዋዕቱ ላይ ጨው እንዲጥሉ 43፥24 ያዝዛል፤ ከየት ያምጡት?