ወንበዴው ለምን ያለቅሳል?

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ጽፋችሁ የላካችሁልኝን ዘጠኝ የድብድብ ታሪኮች አንብቤ ጨረስኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ የአንዳንዶቻችሁ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ የሐኪም ማዘዣ ይመስላል። ሰሞኑን ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴ ላይ ተኝቷል። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ቡናዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሰይፍና ሽጉጥ ሳነብ ሰነበትኩ። ባለቤቴ «ምነው በስተርጅና ዘመትክ?» ትለኛለች።

ድብድቡን ትችሉበታላችሁ። በተለይ ሐረጎ ላይ፣ የተሳቢ ጣሪያ ላይ ወጥተው የሚደባደቡት ሁለቱ ሰዎች ቡናዬን አስረስተውኛል። ያስቸገረኝ ከድብድቡ በኋላ የሚመጣው ነው። ከዘጠኙ ታሪክ በሰባቱ ወንበዴው መጨረሻ ላይ ያለቅሳል። አክተሩ ይጥለዋል፣ ከዚያ ቆሞ ይመክረዋል፣ ወንበዴው ተንበርክኮ «እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነበር» ይላል። አንዱ ታሪክ ላይ ምክሩ ሦስት ገጽ ተኩል ነው። ሰይፉ አየር ላይ እንደተሰቀለ ምክሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

የምጽፍላችሁ ስለዚችው ነገር ብቻ ነው። እኔ ደራሲ አይደለሁም። 31 ዓመት ጠበቃ ነበርኩ። ሥራውን ስተው ደግሞ ሰፈሩ ሽማግሌ አደረገኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን በቃል የተረታ ሰው አይቻለሁ፣ በጉልበት የተረታ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ያልመለሱትም አይቻለሁ።

ከራሴ ውርደት ልጀምር። ገና ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ወንድማማቾች ከከተማው ጠርዝ ባለ መሬት ተካሰሱ። እኔ የታናሽየው ጠበቃ ነበርኩ። ታላቅየውን በመስቀለኛ ጥያቄ ያዝኩትና ሦስት ጊዜ ቃሉን አስለወጥኩት። ችሎት የታደመው ሰው ሁሉ ሳቀበት። ረታን። በሩ ላይ ስንገናኝ ታላቅየው ቀስ ብሎ «አንደበትህ ይባረክ» አለኝና ሄደ። እኔ ሞኙ ምርቃት መስሎኝ ደስ አለኝ። በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት የታናሽየው ባሕር ዛፍ ከሥሩ ተቆርጦ አደረ። አየሁ ያለ ሰው የለም። ደንበኛዬ ቢሮዬ መጥቶ «ጋሼ፣ አሸንፈን ነው እንዲህ የሆነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ረታሁት እንጂ አላሳመንኩትም። ያን ጊዜ ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። የእናንተም አክተሮች እንዲሁ ናቸው። ሁሉም የእኔን የጀማሪነት ንግግር ይናገራሉ። ትክክል ናቸው፣ ምላሳቸው ስል ነው፣ ወንበዴውን በማስረጃ ያጣድፉታል። እንዲህ ያለ ንግግር ሰውን ዝም ያሰኛል። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል።

እነዚያን ወንድማማቾች በኋላ ያስታረቋቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ታናሽየው ለምኖኝ አብሬ ተቀምጬ ነበር። ስለ መሬቱ ያወራሉ ብዬ ሰነድ ይዤ ሄድኩ። ሰነዱን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ታላቅየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «አባታችሁ ታመው የተኙ ጊዜ ማን ነበር የሚያገላብጣቸው?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ማውራት ጀመረ። አራት ዓመት አባቱን ያስታመመው እሱ ነበር። አንድም ሰው «ተባረክ» አላለውም። ቀብሩ ላይ ያለቀሰ ሁሉ ታናሽየውን አቅፎ ነው ያለቀሰው። ይህ ነገር እኔ ባዘጋጀሁት መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። ሲጨርስ ታናሽየው ተነስቶ የወንድሙን ጉልበት ሳመ። የድንበሩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አያችሁ፣ የተናገረው ወንበዴው ነው። ሽማግሌው ጥያቄ ጠየቁ እንጂ ምክር አልመከሩም። እናንተ ግን ወንበዴውን አስራችሁ፣ አፉን ዘግታችሁ፣ አክተሩን ታናግራላችሁ። ገልብጡት እስቲ። አክተሩ ሊጠይቅ የሚችለው፣ ሌላ ማንም ሊጠይቀው ያልቻለ አንድ ጥያቄ ምንድነው? እሱን ለማግኘት መጀመሪያ የወንበዴውን ታሪክ ማወቅ ሊኖርባችሁ ነው። ሥራ ይበዛባችኋል። አብሽሩ፣ ይለመዳል።

«ታዲያ ድብድቡ ለምን ያስፈልጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ያስፈልጋል። ብረት የያዘ እጅ ካልቆመ ጆሮ አይከፈትም። ችግሩ እጁን የሚያቆመው ምን እንደሆነ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ፤ ደሴ ላይ የደረባችሁትን ኮት ኮምቦልቻ ላይ ታወልቃላችሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አንድ ተሳቢና አንድ አይሱዙ ተፋጠው መንገድ ዘግተዋል። ሾፌሮቹ ወርደዋል። የአይሱዙው ሾፌር የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል። ረዳቶቹ «ተው፣ ተው» ይላሉ፣ ግን ማንም እጁን አይዘረጋም። እኔ ጠበቃው መስኮት ከፍቼ ማየት እንጂ መውረድ አልደፈርኩም።

ቆሎ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት መጣች። ማን አጠፋ አላለችም። «ቁርስ ያልበላ የትኛችሁ ነው?» አለች። ዝም አሉ። ብረት የያዘውን ቀና ብላ አየችው። «አንተ በልተሃል?» «አልበላሁም፣ እማማ።» «በል እንካ!» ብላ በጣሳ ሰፍራ ዘረጋችለት።

እንግዲህ በእኛ አገር ከትልቅ ሰው የተሰጠህን በአንድ እጅህ አትቀበልም። ሰውየው ብረቱን አየ። ቆሎውን አየ። ብረቱን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ተቀበለ። ለተሳቢውም ሾፌር ሰጠችው። አፉን ቆሎ የሞላው ሰው ደግሞ አይሳደብም። ሁለቱም ቆመው ሲያኝኩ እሷ «በሉ ሒሳቤን ወዲህ በሉ» ስትል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እነሱም ሳቁ። ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህቺን አሮጊት ብዙ ጊዜ አስቤያታለሁ። ሰውየው ብረቱን መጣል ፈልጎ ነበር። ሰው እያየው «ፈራ» እንዳይባል ነው የጨነቀው። የሰጠችው መውጫ በር ነው። የእናንተ ወንበዴዎች ግን ጀሌዎቻቸው እያዩ፣ አክተሩ እየጮኸባቸው፣ «ተሳስቼ ነበር» ይላሉ። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እናንተስ ሰው ሰብስቦ ለሚሰድባችሁ ጥፋታችሁን ታምናላችሁ?

እኔ ያደግኩት ሁለቱም እምነት ባለበት ቤት ነው፣ እንደ ብዙ ወሎዬ። አያቴ የሰይዲና ዑመርን ታሪክ ትነግረን ነበር። ነቢዩን ሊገድሉ ሰይፍ ታጥቀው ወጡ። መንገድ ላይ «መጀመሪያ የእህትህን ቤት አጥራ» ተባሉና ወደዚያ ዞሩ፤ እህታቸው እስልምናን ተቀብላ ነበር። እህታቸውን መቷት። ደሟን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ነው «ስታነቡ የነበረውን አሳዩኝ» ያሉት፤ ቁርዓኑን አይተውም ሰለሙ። ያቆማቸው የተሰነዘረባቸው ሰይፍ አይደለም፣ የራሳቸው እጅ ያፈሰሰው ደም ነው። ለድብድብ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?

እናቴ ደግሞ የዳዊትን ትነግረን ነበር። ንጉሥ ሳኦል በቅናት ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ያሳድደዋል። ዳዊት የተደበቀበት ዋሻ ውስጥ ሳኦል ራሱ ብቻውን ይገባል። ዳዊት አልገደለውም፤ የልብሱን ጫፍ ቆረጠ። ሳኦል ሲወጣ ከኋላው ጠርቶ ቁራጩን አሳየው። የዳዊት ንግግር ኃይሉ እጁ ላይ ካለው ጨርቅ ነው። «ልገድልህ እችል ነበር» ማለት ለማንም ቀላል ነው። ሳኦልም ድምፁን አሰምቶ አለቀሰ።

የእናንተ ታሪኮች እዚህ ላይ ያልቃሉ። የእናቴ ግን አያልቅም። ሳኦል ካለቀሰ በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ዳዊት ግን አብሮት አልሄደም። ከሰዎቹ ጋር ወደ አምባው ወጣ። ደግ አደረገ፤ ሳኦል እንደገና ሦስት ሺህ ሰው ይዞ ወጥቶበታል። ልጅ ሆኜ «ካለቀሰ በኋላ?» ብዬ ተናድጄ ነበር። እናቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች «እንባው እውነት ነው፣ ልጄ። ቅናቱም እውነት ነው» አለችኝ።

ጭራሽ የማይመለስም አለ። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበባችሁ ፊታውራሪ መሸሻን አስታውሷቸው። ጉዱ ካሳ በቃል ሞከራቸው፣ እብድ ተባለ። አበጀ በለው በጦር ማረካቸው፣ ተዋረዱ እንጂ አልተለወጡም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪን አስለቅሰው አንባቢን ማስደሰት አቅቷቸው አይመስለኝም።

የቃልና የጉልበት ነገር ከተነሳ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቦሩ ሜዳ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ክርክር ተካሄደ። ክርክር ነው፣ ግን ከኋላው ጦር ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። የወሎው መሪ መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ፤ እዚህ ደሴ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ማለት ናቸው። ሌላው ሕዝብ ግን ቀን እንደታዘዘው ሆኖ ሌሊት ወደ ቀድሞ ጸሎቱ ይመለስ እንደነበር ሲወራ ሰምተን አድገናል። እምቢ ብለው የሸፈቱም ነበሩ። ሰይፍ አንገቱ ላይ ተቀምጦ «አምኛለሁ» የሚል ገጸ ባሕርይ ስትጽፉ፣ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ አስቡለት።

የህንድ ፊልሙን ነገር በአጭሩ ልለፈው። እኛ ሲኒማ ስንገባ አክተሩና ወንበዴው መጨረሻ ላይ በአንገት ሐብል ወይም በልጅነት ዘፈን ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ። አዳራሹ በለቅሶ ይናወጣል። እኔም አልቅሻለሁ። አትድገሙት።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ። ሦስተኛው ታሪክ ላይ ወንበዴው በምዕራፍ ሁለት መንደር ያቃጥላል። በምዕራፍ ስምንት ያለቅሳል። በምዕራፍ ዘጠኝ ከአክተሩ ጋር ቡና ይጠጣል። ልጄ፣ የተቃጠለባቸውን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? አክተሩ ይቅር ያለው በማን ደም ነው? ወሎ ውስጥ አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ደም ሲያደርቁ ገዳዩ ስለተጸጸተ ብቻ ነገሩ አያልቅም። የሟች ወገን ይለመናል። እምቢ ይላል። እንደገና ይለመናል። ሽማግሌ ቆሞ «ተቀመጡ» እስኪባል አይቀመጥም። ካሳ አለ። በዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ይህን ሁሉ በጸሐፊ ዓይን እዩት፤ ከየትኛውም የሰይፍ ፍልሚያ ይልቅ ልብ ያንጠለጥላል። አንዲት እናት «ተቀመጡ» ትላለች ወይስ አትልም? እሱ ላይ አሥር ገጽ ብትጽፉ አይሰለቸኝም።

ለምን ሰባታችሁ ወንበዴውን እንዳስለቀሳችሁት ግን ገብቶኛል። በሁለተኛው ቀን ማታ ነው የገባኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ አብዛኞቻችሁ ልጆች ነበራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ፌስታል አንጠልጥላችሁ በእግር ወጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ እስከ ኅዳር መጨረሻ በር ዘግታችሁ ሰነበታችሁ። መሣሪያ የያዘ ሰው በር ሲመታ አባት እንኳ ቃል እንደሚያጥረው አይታችኋል። ያን ጊዜ ሳይባል የቀረውን ነው አክተሩ አሁን ሦስት ገጽ ተኩል የሚናገረው። መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ቆየሁ።

ስለዚህ ንግግሩን ቅደዱት አልልም። ጻፉት፣ ሙሉውን። ከዚያ አስቀምጡትና ያንኑ ትዕይንት አክተሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገር አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ። የቀረው የት እንደሚገባ ታዩታላችሁ። እጁ ላይ፣ ዓይኑ ላይ፣ ሊመታ ሲችል ሳይመታ በቀረባት ቅጽበት ላይ።

የስድስተኛው ታሪክ ጸሐፊ፣ ስምሽን ወረቀቱ ላይ አልጻፍሽም፤ ለአንቺ ለብቻሽ አንድ ነገር አለኝ። ያንቺ ወንበዴ አላለቀሰም። ጥይቱ አልቆበት፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ፣ ሽጉጡ ጭኑ ላይ እንዳለ ውሃ ጠየቀ። ልጅቷም በኩባያ ቀድታ ዘረጋችለት። ታሪኩ እዚያ ላይ ቆመ። በአንድ እጁ ይቀበል በሁለት እጁ ግን አልጻፍሽም። ቅዳሜ ስንገናኝ ንገሪኝ።